የደረቀ ወይን

ልጅነቱን በሰቆጣ አካባቢ በድቁና ያሳለፈ ሰው፥ ወይን ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው ጠርሙስ ሳይሆን ዘቢብ ነው። እኔም ከዚያ ወገን ነኝ። ዘቢቡ ከሩቅ ገበያ ተገዝቶ የሚመጣ ስለ ነበረ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል፤ ለቅዳሴ ሲፈለግ በቤተ ልሔም ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሲለሰልስም ተጨምቆ ለጽዋው ይዘጋጃል። የተጨማደደችው ፍሬ ውኃ ጠጥታ ስትነፋ፥ የቀድሞ መልኳን ለመያዝ የምትታገል ትመስለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለትምህርት ሃንጋሪ አገር ሳለሁ፥ የተጋበዝሁበት ቤት ጌታ በትንሽ ብርጭቆ ወርቅ የመሰለ ወይን ቀዳልኝ። ብቀምሰው ማር ማር ይላል። «ይህ ከሻገተ ወይን የተጠመቀ ነው» ቢለኝ ቀልድ መሰለኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። በቶካይ አውራጃ የወይኑ ፍሬ በወቅቱ ሳይለቀም በተክሉ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ቦትሪቲስ ሲኔሬያ የሚባል ሻጋታ ልጣጩን ይበሳዋል፤ ውኃው ይተንና ስኳሩ ይከማቻል። ለዚህም የጧት ጉምና የቀትር ፀሐይ ሊፈራረቁ ይገባል፤ እርጥበቱ ከበዛ ፍሬው በስብሶ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ሰማዩን እየተመለከተ ይጠብቃል፤ የደረሰውንም ፍሬ በእጁ እየመረጠ ይለቅማል። ፈረንሳዮችም በሶተርን እንዲሁ ያደርጋሉ። የቶካይ ወይን ክብሩ ከፍ ያለ በመሆኑ፥ የሚመረትበት ምድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1737 ዓ.ም. በንጉሥ ዐዋጅ ተከልሏል።

ወደ አገሬ ተመልሼ በሰቆጣ ሳስተምር ይህንኑ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። በመጨረሻም «እናንተም እንደዚያ ፍሬ ናችሁ፤ ችግር ሰውን ያጣፍጠዋል» ብዬ ንግግሬን ዘጋሁ። ቃሉ ለራሴ ጆሮ አማረኝ። ከሩቅ መንደር በባዶ ሆዱ እየተጓዘ የሚመጣ አንድ ዲያቆን ተማሪ ግን ከኋላ ተነሥቶ በትሕትና፥ «መምህር፥ ዘቢብም ቢሆን ውኃ ካልጠጣ አይጨመቅም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርሁ።

ልጁ እውነቱን ነበር። የቶካይን ፍሬ ያጣፈጠው መድረቁ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ዓይንና የሚለቅመው እጅ ስላለው ነው። ጠባቂ የሌለው ፍሬ የወፍ ቀለብ ወይም ብስባሽ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በዋግ ምድር የወረደው ድርቅ ማንን አጣፈጠ? ወገናችንን ከቀየው አፈለሰ፤ ብዙውንም ቀበረ እንጂ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል በከተማችን ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉን ስሰማ፥ የዚያ ተማሪ ንግግር ታወሰኝ። ለደረቀው ዘቢብ የሚያስፈልገው ውኃ እንጂ ውዳሴ አይደለምና፥ ቃል ኪዳኑም የሚመዘነው በስሙ ማማር ሳይሆን በሕፃኑ ገበታ ላይ በሚገኘው ምግብ ነው።

እኔም ከዚያች ቀን ወዲህ በተማሪ ፊት ችግርን አላወደስሁም። ማለዳ ወደ ክፍል ከመግባቴ አስቀድሞ፥ ሳይበላ የመጣውን ልጅ ባልንጀሮቹ ሳያዩ ለይቼ ዳቦ ማቀበል ልማዴ ሆነ። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነበር።