ከቡና ጋር የዋጥኳት ክኒን

ዕድሜዬ 68 ነው። የልብ ምቴ ስለሚዛባ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መውሰድ ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ጉልበቴን ደግሞ ቁርጥማት ይዞኛል፤ ክረምት ሲገባ ከአልጋ መውረዱ ራሱ ሥራ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ስሄድ፣ ግድግዳ ተደግፌ ደረጃዋን ስወጣ አየችኝ። «በሞቴ፣ ይቺን ዋጪ! እኔን ያስነሳችኝ እሷ ናት» ብላ ዳይክሎፌናክ ሰጠችኝ። ዋጥኩ። እውነትም ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ መድኃኒት ቤት ሄጄ አሥር ፍሬ ገዛሁ። ሻጩ ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በአምስተኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ይህን ለልጅ እንዴት ያወሩታል? አፍሬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄን ጫማ አስሬ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመና ወደቅኩ። ልጄ ነገሩን የሰማችው ያኔ ነው።

ሆስፒታል ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ፣ ዋርፋሪን ደምዎ ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ያቆስላሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የቆሰለው ጨጓራ መድማቱን አያቆምም።»

«እንግዲያው ዋርፋሪኑ ይቅርብኝ» አልኳት። «በራስዎ ካቆሙትማ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል» አለችኝ። መድኃኒቱን መቼና እንዴት እንደምጀምር ራሷ ወሰነች።

ለሕመሙ አሁን ፓራሲታሞል እወስዳለሁ፤ እሱንም በታዘዘልኝ መጠን ብቻ። ለብዙ ቀን ሲደጋገም እሱም የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል፣ የደም ምርመራ ስሄድ እናገራለሁ። አይኤንአር የሚባለው የእኔ ልኬት ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። የሚቀባ መድኃኒትም ሳልጠይቅ አልቀባም፤ በቆዳ በኩል ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። መርፌም ጡንቻ ውስጥ ሊያደማ ስለሚችል «ተወግተሽ ተገላገይ» የሚለኝን አልሰማም። ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘርግቼ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ምርኩዜን የምይዘው ከሚያመኝ ጉልበት በተቃራኒው እጄ ነው፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እዚያው ነው። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ደረጃውን እወጣለሁ።

ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ደም ማቅጠኛ እንደምወስድ መቼ ነግሬያት አውቃለሁ? አሁን ቦርሳዬ ውስጥ የመድኃኒቶቼ ስም የተጻፈበት ወረቀት አለ። አንዱን ቅጂ ለልጄ፣ አንዱን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ። እናንተም ጻፉት። ሰገራችሁ ከጠቆረ ደግሞ እንደ እኔ አትፈሩ፤ በዚያው ቀን ለልጆቻችሁ ተናገሩና ሐኪም ቤት ሂዱ።