አባባን ለብቻቸው አናብላቸው

አባባ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ጀምሮ ሳህናቸው ተለየ፤ ለእኛ እንጀራ በወጥ፣ ለእሳቸው ጎመን። አንድ ቀን «በቃኝ፣ እናንተ ብሉ» ብለው ተነሱ። የከፋቸው የእንጀራው መቀነስ ሳይሆን ከትሪው መነጠላቸው ነበር።

በማግስቱ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ከ1 እንቁላል፣ ውሃው ከተጨመቀ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከኮረሪማ ጋር ለወስኩ። የዳቦ ፍርፋሪ አልጨመርኩም፤ እንቁላሉ ይይዘዋል። አድቦልቡዬ በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል፣ የመሃሉ ሮዝ መልክ እስኪጠፋ ጋገርኩት። ከሰላጣ ጋር በአንድ ትሪ አቀረብኩ። አባባ ጎረሱ፤ እኛንም አጎረሱን።

ወገን፣ ጤፍም ቢሆን ካርቦሃይድሬት አለው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ማዕድ ለዩ ብሎ ያዘዘን ሐኪም ግን የለም።