የረመዳን አንድ ዙር

ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር ሲታይ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነውና። በመሆኑም በጋውንም ክረምቱንም አዳርሶ ወደ ተነሳበት ወቅት ለመመለስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህን ለደረሶቼ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ፤ በራሴ ዕድሜ ያሰላሁት ግን በቅርቡ ነው።

ወሩን ሙሉ መጾም የጀመርኩት በ1984፣ በስምንት ዓመቴ ነበር። ያኔ ረመዳን 1412 ሒጅሪያ የገባው በየካቲት ማለቂያ ነው። በ2017 ደግሞ የካቲት 22 ገባ። አልሐምዱ ሊላህ፣ አንድ ዙር ሞላሁ።

ያ የልጅነት ረመዳን አያልቅም ነበር። በተለይ ከዙህር እስከ ዐስር ያለው ሰዓት! ጥላዬን በእግሬ እየለካሁ «እማዬ፣ ዐስር አልደረሰም?» ስላት «ሂድና ጋደም በል» ትለኛለች። በሀገራችን የቀኑ ርዝመት በበጋና በክረምት ብዙ አይለያይም፤ ጾሙ ያኔም ዛሬም 13 ሰዓት አካባቢ ነው። አሁን ግን ጫማዬን ሳላወልቅ መግሪብ ይደርሳል።

ፖል ጃኔት የተባለ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ነገሩን በሒሳብ ይፈታዋል፦ ለአሥር ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ አሥረኛ ነው፤ ለአርባ ዓመት ሰው አንድ አርባኛ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይህ ስሌት ምክንያቱን አይገልጽም ባይ ነው። ለልጅ ሁሉም አዲስ ነው፣ ይታወሰዋል፤ የአዋቂ ቀን ግን እየተደጋገመ ምልክት ሳይተው ያልፋል። እኔ ከጄምስ ጋር ነኝ። ከ2017 ረመዳን ኢፍጣሮች አብዛኞቹን አላስታውስም፤ ልጄ በስምንት ዓመቷ የመጀመሪያ ጾሟን ያፈጠረችበትን ምሽት ግን የሳምቡሳው ሽታ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ሱረቱል ዐስር ሦስት አያህ ብቻ ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይሐፍዙታል። አላህ (ሱ.ወ.) በጊዜ ምሎ ስለ ሰው ልጅ ኪሳራ የሚናገርበት ነው። ትርጉሙን ሳስተምር ድሮ እሮጥ ነበር፤ አሁን እዚያ ላይ እቆያለሁ።

እናቴ ሰባ አምስት አልፏታል፤ ሁለተኛ ዙሯን ጨርሳለች። «ቀኑ አይመሽልኝም፣ ዓመቱ ግን አይያዝም» ትላለች። ዘመን የምትቆጥረው ረመዳን በዋለበት ወቅት ነው። እኔን በ1976 ስትወልድ ጾሙ የገባው በግንቦት ማለቂያ ነበር። ልጄ የጀመረችው ዙር ኢንሻአላህ በ2050 ይሞላል፤ ያኔ እሷ 41 ዓመቷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አያቷ ስታወራ ልጄ በደብተሯ ትጽፋለች፤ እስካሁን የኃይለ ሥላሴ ዘመን ላይ ነን።