ሳጥኑ ማስጌጫ አይደለም

ፒንቦልን፣ ያንን ባጋደለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ የሚንከባለልበትን ጨዋታ፣ ለመጫወት ሳጥን አያስፈልግም። ቪዥዋል ፒንቦል የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ። ጎትሊብ፣ ባሊና ዊሊያምስ የተባሉት አምራቾች የሠሯቸውን የድሮ ማሽኖች አድናቂዎቹ አንድ በአንድ አስመስለው ሠርተውበታል። ታዲያ ይህ ሁሉ በነጻ እያለ፣ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ጋራዡን በእንጨት ብናኝ ሞልቶ ቴሌቪዥን በኮምፔንሳቶ ሳጥን ውስጥ የሚያጋድም ሰው ምን ነክቶት ነው? ብዙዎች «ናፍቆት ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ሳጥኑ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ስለሆነ ነው እላለሁ።

ሠሪዎቹ ገንዘባቸውን የት እንደሚያፈሱ ተመልከቱ። ስክሪኑ ከተገጠመ በኋላ ሶሌኖይድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ መቺ ይጨመራል፤ ሥራው የጎኑ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር እንጨቱን መምታት ብቻ ነው። ሳጥኑ መገፋቱን የሚያውቅ ሴንሰር ይገባል። የኳስ መወርወሪያው ዘንግ ምን ያህል እንደተሳበ የሚለካ ሌላ ሴንሰርም አለ። ከነዚህ አንዱም ለዓይን የተሠራ አይደለም። ታሪኩም ይህንኑ ይደግፋል። ኳሷን የሚመልሱት ፍሊፐሮች የመጡት በ1947 በጎትሊብ «ሀምፕቲ ደምፕቲ» ነው፤ ከዚያ በፊት ኳሷ አንዴ ከተወረወረች ለተጫዋቹ የሚቀረው ሳጥኑን መነቅነቅ ነበር። መነቅነቁ ሲበዛ ጨዋታውን የሚዘጋው «ቲልት» የተባለ ዘዴ ከፍሊፐር የሚቀድመውም ለዚህ ነው።

ኒውዮርክ ፒንቦልን ቁማር ነው ብላ በ1942 በከንቲባ ላጋርዲያ ዘመን አገደች። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ተጫዋች የከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ ኳሷ በየትኛው መስመር እንደምታልፍ አስቀድሞ ተናገረ፤ ዘንጉን ሳበ፣ ለቀቀ፣ ኳሷም ባለው በኩል አለፈች። እገዳው ተነሳ። ዕድል ሳይሆን ችሎታ መሆኑን ያሳመነው ጣቶቹ ስፕሪንጉን የሳቡበት ልክ ነው፤ ይህን ልክ የኮምፒውተር ቁልፍ አይሰጥም።

«ያም ሆኖ ማስመሰል ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። 80 ግራም የሚመዝን ብረት 6.5 ዲግሪ ባጋደለ እንጨት ላይ ሲንከባለል የሚፈጥረውን ስክሪን አይፈጥርም። እውነተኛውን ቤት ውስጥ መሥራትም ይቻላል፤ ቤን ሄከንዶርን የተባለ ሠሪ በግሉ ከመሥራት ተነስቶ በ2014 ከስፑኪ ፒንቦል ኩባንያ ጋር «አሜሪካስ ሞስት ሆንትድ»ን ለገበያ አብቅቷል። ግን የዚያ ድካም ፍሬ አንድ ጨዋታ ነው። ከተለያየ ዘመን የመጡ ብዙ ማሽኖችን አንድ ክፍል ውስጥ ለሚፈልግ፣ በእጅ የሚዳሰስ ሳጥን ያለው ስክሪን በእውነተኛው ማሽንና በተራው ኮምፒውተር መሐል ያለ ሐቀኛ ምርጫ ነው።

«ወጪው ይበዛል» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቆጥበው በማይገባው ቦታ ነው። ሳጥኑ የጨዋታው ግማሽ ከሆነ፣ ከጎኑ ሥዕልና ከላዩ መብራት በፊት ከባድ እንጨት ይገዛ፤ ቀላል ሳጥን ሲገፉት ይንሸራተታል። ቴሌቪዥኑም በስፋቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ይመረጥ። ምስሉ ትንሽ ከዘገየ የሶሌኖይዱ ድምፅና የፍሊፐሩ እንቅስቃሴ ይለያያሉ፣ እጅም ወዲያው ያውቃል። ለእያንዳንዱ ሶሌኖይድ ዳዮድ መግጠም ደግሞ የሳንቲም ወጪ ነው፤ ያለሱ ኃይሉ ሲቋረጥ ተመልሶ የሚመጣው ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ሥዕሉ ከዓመት በኋላም ይለጠፋል።