ራስ ምታት ሁሉ የቡና አይደለም

አገር ቤት ውሃ ራሱ ወደ ሰው ይመጣል። ምሳ ተበልቶ ሳያበቃ አንዱ ልጅ በብርጭቆ ይዞ ይቀርባል፤ እናቴ ጠጥታ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቅና «እደግ» ተብሎ ይሄዳል። ማንም ስንት ጠጣሁ ብሎ አይቆጥርም። ልታርሰን የመጣችበት ሚኒሶታ ግን እኛ ሥራ ስንሄድ እሷ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ትውላለች። ቧንቧው ውሃ ሞልቶታል፤ የጠፋው የሚያቀብላት ሰው ነው።

ዊንተሩ ደግሞ አለ። ብርድ የጥማትን ስሜት ያዳክማል፣ ዕድሜም እንደዚያው፤ ሂተሩ ቀኑን ሙሉ የቤቱን አየር ያደርቃል። «ውሃ ላምጣልሽ?» ስላት «በዚህ ብርድ ደግሞ ምን ውሃ ይጠጣል» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አልጠማትም።

ሰውነቷ የሚናገረው በሌላ በኩል ነው፤ እሷ ደግሞ ለሁሉም ምክንያት አላት። ከሰዓት ራሷን ሲያማት ቡናው ስለቀጠነ ነው። ከሶፋ ብድግ ስትል ዓይኗ ቢጨልም ግፊቷ ነው። ሆድ ድርቀቱ የፈረንጅ ምግብ፣ መነጫነጯ የአገር ናፍቆት። እያንዳንዱ ሊሆን ይችላል። አፍ ደርቆ መሽተት ሲጨመርበትና ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲገጣጠም ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃ ማነስን ነው። ሽንት ጠቆር ማለቱም ይናገራል፤ ቫይታሚን የሚወስድ ሰው ግን ቢጫው ስለሚደምቅ በቀለሙ ብቻ አይፍረድ። (እናትን ስለ ሽንቷ መጠየቅ ይከብዳል፤ እኔ ለእህቴ ነው የተውኩት።)

የሥራ ባልደረቦቼ ጆግ የሚያህል ኮዳ ታቅፈው ነው የሚውሉት። እሱም የበዛ ይመስለኛል። በቀን ስምንት ብርጭቆ ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ሾርባውም፣ ፍራፍሬውም፣ ቡናውም ጭምር ይቆጠራል። ችግሩ የሲኒ ቡና ጥቂት ጉንጭ መሆኑ ነው። ስለዚህ ረከቦቱ ላይ ከአቦል ጋር አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ እናስቀምጣለን። ቀዝቃዛውን «ጉሮሮዬን» ብላ አትነካውም፣ ለብ ያለውን ግን ሳትከራከር ትጠጣለች።

ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው፣ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ወላጆች ካሏችሁ መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን። ንግግራቸው በድንገት ከተዘባረቀ ወይም የት እንዳሉ ከጠፋባቸው ግን ውሃ እያጠጡ የሚጠበቅ አይደለም፤ 911 ደውሉ።