ተፈጥሮን በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ ስለ መማር

ዕውቀት በጆሮ ይገባል፤ በዓይን ይጸናል፤ በእጅ ሲዳሰስ ደግሞ የራስ ይሆናል። በአገራችን የትምህርት ልማድ ግን ጆሮ ብዙ ሲደክም ዓይንና እጅ ሥራ ፈትተው መኖራቸውን የሚክድ መምህር ያለ አይመስለንም። ተማሪው ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ምግቡን እንደሚያዘጋጅ በቃሉ ያጠናል፤ ከመማሪያ ክፍሉ ደጅ የቆመውን ዛፍ ግን ቀረብ ብሎ አይመረምረውም። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሳይንስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በቃሉና በነገሩ መካከል ያለው ርቀት ይብሱን ይሰፋል። ስለዚህ ተማሪዎችን ወደ መስክ አውጥቶ ስለ ማስተማር ያለንን ሐሳብ፣ በደብረ ወርቅ አካባቢ ካየነው ጋር አዛምደን ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን።

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ አለ፤ በስተ ምሥራቅ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ተራራ ነው። ሱሓ፣ ሙጋ፣ ጨሞጋና ተምጫ ከርሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በዓባይ ሸለቆ ደግሞ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች በተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ይገኛል፤ ይህም ዛሬ ከባሕር የራቀው አገር በጥንት ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበረ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በደጁ ተዘርግቶለት ሳለ፣ የዚያ አገር ልጅ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ቅሪተ አካል በሥዕል ብቻ መማሩ የሚያስቆጭ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ወረዳ በሥራ ላይ ሳለን፣ አንድ መምህር ወዳጃችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹን በእግር አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ሲወስድ አብረነው ሄድን። ጊዜው የሰኔ መግቢያ፣ ማሳው ሁሉ ለዘር የታረሰበት ነበር። የያዙት መሣሪያ አንድ አጉሊ መነጽር፣ ገመድና ሁለት ባዶ ጠርሙሶች ብቻ ናቸው። ቄሰ ገበዙ ባርከው ሲያስገቡን፣ «ልጆቼ፣ እዩ፤ ጠይቁ፤ እንጨት ግን እንዳትቆርጡ» አሉ።

መምህሩ ተማሪዎቹን በሁለት ከፈላቸው። አንዱ ክፍል ከቅጥሩ ውስጥ፣ ሌላው ከቅጥሩ ውጭ ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር፣ በገመድ እኩል ቦታ ለክቶ የበቀለውን ችግኝ እንዲቈጥር አዘዘ። በቅጥሩ ውስጥ ብዙ ተገኘ፤ በውጭ ግን ምንም አልነበረም። ምክንያቱ ሲጠየቅ በክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ተማሪ «ዘሩ መካን ስለ ሆነ ነው» አለ። በዚህ ጊዜ በክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ፣ ባልንጀሮቹም ሰነፍ የሚሉት አንድ ልጅ፣ «መካን አይደለም። ዝናብ ሲጥል ይበቅላል፤ ከብቶቻችን ናቸው ለጋውን የሚበሉት፣ የቀረውንም የሚረግጡት። እኔ እዚህ ስጠብቅ አይቻለሁ» ብሎ መለሰ። መምህሩ ልጁን ወደ ፊት አውጥቶ ያየውን ሁሉ እንዲያስረዳ አደረገው፤ አንደኛው ተማሪ ቃሉን በደብተሩ ሲጽፍ አየን።

የእረኛው ምላሽ ዋዛ አይደለም። በ«እመጓ» ድርሰታቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቍጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ችግኝ የተሻለ ሆኖ እንደሚያድግም ታይቷል። ሊቁ በምርምር የደረሱበትን ልጁ በእረኝነት ያውቀው ነበር፤ ዕውቀት መሆኑን የነገረው ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከምሳ በፊት ተማሪዎቹ አንዱን ጠርሙስ ከደኑ ግርጌ ከሚፈልቀው ምንጭ፣ ሌላውን በታረሰው ተዳፋት ሥር ከሚወርደው ጅረት ሞልተው አስቀመጡ። ቆሏቸውንና ዳቧቸውን በልተው ሲመለሱ የመጀመሪያው እንደ ጠራ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ጥቁር አፈር ከታች ረግቶ ተገኘ። መምህሩ «ይህ አፈር የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ልጅ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ ጥቂት ካየች በኋላ፣ «የአባቴ ማሳ ከላይ ነው» አለች። ስለ አፈር መሸርሸር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ሰምተን አናውቅም።

በዓይን ያዩትን መጠየቅ ለልጆች ብቻ የተተወ ጨዋታ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው፣ ከዚያ በላይ ግን በሕይወት መኖራቸውን አስተዋሉ። እዚያው ወንዝ ዳር በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ቢያስጨምሩባቸው ሞቱ። ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ በእንዶድ ሥራቸው ነው። እንዶድ ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት ቀበሌ እንኳ እንዶዳም ይባላል። በእንዶድ ያጠቡ እናቶች እልፍ ናቸው፤ ቆም ብሎ «ለምን?» ያለው ግን አንድ ነበር።

አንዳንዶች «ገንዘብ የለም፤ ጊዜውም ለፈተና ዝግጅት አይበቃም» ይላሉ። ወላጆችም «ልጃችንን ለመማር እንጂ ለመዞር አልላክንም» ማለታቸው አይቀርም። በእርግጥ ተሰልፎ ሄዶ፣ ዘፍኖ መመለስ ሽርሽር እንጂ ትምህርት አይደለም። መምህሩ ግን አስቀድሞ ቦታውን አይቶ፣ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ፣ ተማሪው ቈጥሮና ለክቶ በደብተሩ ጽፎ እንዲመለስ ካደረገ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን ይበቃል። መኪናም አያሻም፤ በእግር የሚደረስበት ምንጭ፣ ማሳና ደብር ሞልቷል።

እንግዲህ ለትምህርት ሹማምንትና ለመምህራን የምናሳስበው ይህንን ነው። ነገ ስለ መሬት፣ ስለ ደንና ስለ ውሃ በሚጻፍ ወረቀት ላይ ፊርማውን የሚያኖረው የዛሬው ተማሪ ነው። ያን ቀን ብዕሩን ሲያነሣ፣ ደን ለርሱ በመጽሐፍ ያነበበው ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ችግኙን ዛሬ በገዛ እጁ ይቍጠረው።