ሻማው ከጠፋ በኋላ

በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ ገና የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ ለማስተማር ልምምድ ደብረ ብርሃን ዳርቻ ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የቀመሰ ያውቀዋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል፤ ልጆቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይቀመጣሉ፤ የመምህሩም ጣት ጠመኔ ለመያዝ እስኪፍታታ ጊዜ ይወስዳል። የተሰጠኝ አምስተኛ ክፍል ነበር፤ ተማሪዎቹ ስልሳ ያህል ይሆናሉ። የዕለቱ ርዕስ «አየር» ነው።

ኮሌጅ ውስጥ ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ብዙ ተምረናል። ተማሪ የነገሩትን ከሚሸመድድ በእጁ ሠርቶ፣ በዓይኑ አይቶ ይማር ይሉናል። እኔም ይህን በተግባር ላሳይ ቆርጬ ተነሣሁ። ከአንዲት ሻይ ቤት ስድስት የውኃ ብርጭቆና ስድስት ሰሃን ተዋስሁ። ሻማና ክብሪት ከኪሴ ገዛሁ። ውኃው ጎልቶ እንዲታይ የሻይ ቅጠል አፍልቼ ቀላቀልሁበት። መርማሪ መምህሬ የመመዘኛ ቅጻቸውን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል።

ሙከራው ቀላል ነው። ሻማውን በራሱ ቅላጭ ሰሃኑ ላይ ማቆም፣ ዙሪያውን ውኃ ማፍሰስ፣ ሻማውን ለኩሶ ብርጭቆውን መድፋት። ጥቂት ቆይቶ ነበልባሉ ይኮሰምንና ይጠፋል፤ ውኃውም ሽቅብ ወደ ብርጭቆው ይገባል። በትምህርት ዕቅዴ ላይ «ማጠቃለያ» ከሚለው ሥር እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰ ውኃው ቦታውን ተካ። ስለዚህ ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ ነው።» እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነበር።

ልጆቹ በደስታ ጮኹ። አንዱ ቡድን ጋ፣ ብርጭቆው እንደተደፋ ከከንፈሩ ሥር አረፋ ቡልቅ ሲል ያየ ልጅ «ውኃው ተነፈሰ! ውኃው ተነፈሰ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄ አለፍሁት። ከዚያ ማጠቃለያዬን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርሁ።

ግማሹን እንደጻፍሁ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሙከራው ሲካሄድ አገጯን ዴስኩ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳትነቅል ስትመለከት አይቻት ነበር።

«ቲቸር፣ ሻማው ሲነድ ውኃው ዝም ብሎ ነበር። የወጣው ከጠፋ በኋላ ነው። አየሩን እየበላው ከሆነ፣ ሲበላ ለምን አልወጣም?»

ከኋላ የመርማሪው ብዕር ቆመ። እኔ መልሱን አላውቅም ነበር። እንደማላውቅ ግን ስልሳ ልጆችና አንድ መርማሪ ፊት መናገር ከሞት የከበደ መሰለኝ።

«በደንብ አላየሽም። ቁጭ በይ» አልኋት።

ክፍሉ ሳቀባት። ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። ጎን ለተቀመጠችው ልጅ «አይቻለሁ'ኮ» ስትል ሰማኋት። ያልሰማ መስዬ መጻፌን ቀጠልሁ። ልጆቹም ማጠቃለያዬን ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። መርማሪዬ ጥሩ ውጤት ሰጡኝ፤ ከቅጹ ግርጌም «ተማሪዎቹን በሚገባ አሳትፏል» ብለው ጻፉልኝ።

ጥቂት ዓመታት አስተምሬ፣ በማታ ትምህርት በአካውንቲንግ ዲግሪዬን ይዤ፣ ወደ ባንክ ገባሁ። በመስኮቱ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ማምሻውን በእጅህ ያለው ጥሬ ገንዘብና መዝገቡ ካልተስማሙ ወደ ቤት አትሄድም። ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ትርፍም ከተገኘ ይመዘገባል። አንድም ብር ቢሆን ከየት መጣ ተብሎ ይፈለጋል እንጂ «ቆጠራው ተሳስቷል» ተብሎ አይታለፍም። አንድ ምሽት ጥቂት ብር ተርፎኝ ስፈልግ ሳመሽ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷ ያመጣችልኝ ከመዝገቤ ጋር የማይስማማ ትርፍ ነበር፤ እኔ ግን ሳልመዘግበው ሒሳቡን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሙከራውን ደገምሁት። ልጅቷ ትክክል ነበረች። ሻማው ሲነድ ውኃው ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ ነበልባሉ ሲጠፋ ግን ወዲያው ሽቅብ ይፈጥናል። በሁለት ሻማ ስደግመው ውኃው ከመጀመሪያው ይልቅ ከፍ አለ። የኦክስጅን ድርሻ በሻማ ብዛት የሚጨምር አይደለምና ማጠቃለያዬ እዚያው ፈረሰ።

እውነቱን ፈልጌ ካነበብሁት ተረዳሁ። የሻማው ሙቀት አየሩን ያስፋፋዋል፤ ከፊሉም በብርጭቆው ከንፈር ሥር ሾልኮ ይወጣል። ያ ልጅ «ውኃው ተነፈሰ» ያለው ይህንን ነበር። ነበልባሉ ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ የውጭው አየር ግፊትም ውኃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ኦክስጅኑም ቢሆን ጠፍቶ ባዶ ቦታ አልተወም፤ ሰሙ ሲነድ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ይወለዳሉ። ተኑ ብርጭቆው ላይ እንደ ላብ ሲያዝ በዓይን ይታያል። ደግሞም ሻማው ሲጠፋ ኦክስጅኑ ተሟጥጦ አላለቀም። በእርግጥ የአየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ቁጥሩ እውነት ነው፣ በዚያ ብርጭቆ ግን አይረጋገጥም።

ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ፣ በልጅነቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ የነበረው ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ለወጣቶች ስድስት ንግግሮች አድርጓል። የስድስቱም ርዕስ አንድ ሻማ ነበር። እኔ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ያውም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሻማን ጨርሼ ላስተምር ተነሥቼ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የሚጸጽተኝ አለማወቄ አይደለም፤ የሃያ ዓመት ተለማማጅ ባያውቅ አይፈረድበትም። የሚጸጽተኝ ልጆቹን በእጃቸው አሠርቼ ዓይናቸውን እንዳያምኑ ማስተማሬ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ዕለት ሳይንስ የሠራች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷን ቁጭ በይ አልኋት።

ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሳለች። የት እንዳለች አላውቅም፤ ምናልባትም ቀኑን ረስታው ይሆናል። እኔ ግን መብራት ጠፍቶ ሻማ በለኮስሁ ቁጥር ያን ዕለት ልላት የሚገባኝን እላለሁ፦ «አይተሻል። እኔም ምክንያቱን አላውቅም። ነይ፣ ክብሪቱን ጫሪውና ደግመን እንየው።»